ኮሌስትሮል የሚቀንሱ መድኃኒቶች፣ ከባድ የአካል ሥራና ሙቀት፦ የጡንቻ መፍረስ አደጋና መከላከያው

አጠቃላይ ገለጻ

ስታቲን በሚል የጋራ ስም የሚታወቁት መድኃኒቶች በደም ውስጥ ያለውን የኮሌስትሮል መጠን በመቀነስ ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን የሚከላከሉ ናቸው። ከእነዚህም መካከል አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ይገኙበታል። የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው በርካታ ሰዎች ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን በየዕለቱ፣ ብዙውን ጊዜም ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ።

ከተጠቃሚዎቹ አብዛኞቹ በጡንቻቸው ላይ ምንም ችግር አይገጥማቸውም። ይሁን እንጂ አልፎ አልፎ መድኃኒቱ ጡንቻን ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ ሲከፋ የጡንቻ ሕዋሳት ፈርሰው በውስጣቸው የነበሩት ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ይገባሉ፤ ይህም ኩላሊትን ከሥራ ውጭ ሊያደርግ፣ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል። ይህ የጤና ችግር በሕክምናው አጠራር ራብዶማዮላይሲስ ይባላል። ተመሳሳይ ጉዳት ምንም መድኃኒት በማይወስድ ሰው ላይም ከዐቅም በላይ በሆነ የአካል ሥራና በከፍተኛ ሙቀት ምክንያት ይደርሳል። እነዚህ ምክንያቶች በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ሲደራረቡ አደጋው ይጨምራል።

ከዚህ ጽሑፍ አንባቢው ሊይዛቸው የሚገቡ ሦስት ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

• ብርቱ የጡንቻ ሕመም ወይም መዛል ከጥቁር ሻይ ቀለም ሽንት ጋር ከታየ በዚያው ዕለት በጤና ተቋም መታየት ያስፈልጋል።

• ስታቲን የሚወስድ ሰው ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝለት፣ ያልለመደውን ከባድ ሥራ ሲጀምር ወይም ወደ ሞቃት አካባቢ ሲሄድ አስቀድሞ ጥንቃቄ ማድረግ ይኖርበታል።

• የጎንዮሽ ጉዳትን በመፍራት ብቻ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል።

የጡንቻ መፍረስ ምንድን ነው?

ከሰው የሰውነት ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ከአጥንት ጋር የተያያዘ ጡንቻ ነው። እያንዳንዱ የጡንቻ ሕዋስ በስስ ሽፋን የተከበበ ሲሆን በውስጡ ፖታሲየም፣ ፎስፌት፣ ልዩ ልዩ ኢንዛይሞችና ማዮግሎቢን የተባለ ኦክስጅን ያዥ ፕሮቲን ይገኛሉ። ሕዋሱ ሽፋኑን ጠብቆ ለመኖር የማያቋርጥ የኃይል አቅርቦት ያስፈልገዋል። ኃይል ሲያልቅበት ወይም ሽፋኑ ሲጎዳ ካልሲየም ከመጠን በላይ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ጡንቻው ሳያቋርጥ ይኮማተራል፤ የሕዋሱ የገዛ ኢንዛይሞችም ሕዋሱን ያፈርሱታል።

ከፈረሰው ሕዋስ የሚወጡት ንጥረ ነገሮች ሁለት ዋና ዋና አደጋዎችን ያስከትላሉ። የመጀመሪያው ፖታሲየም ነው። በሰውነት ውስጥ ካለው ፖታሲየም አብዛኛው የሚገኘው በጡንቻ ሕዋሳት ውስጥ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ወደ ደም ሲገባ የልብን ምት ሊያዛባና ልብን ሊያቆም ይችላል። ሁለተኛው ማዮግሎቢን ነው። ማዮግሎቢን በኩላሊት ሲጣራ ሽንትን ያጠቁራል፤ ሰውነት ውኃ ባነሰው ጊዜ ደግሞ በኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ረግቶ ይዘጋቸዋል፤ የቱቦዎቹንም ሕዋሳት ይመርዛል። ለዚህም ነው የውኃ እጥረት ከጡንቻ መፍረስ ጋር ሲገናኝ የኩላሊት ጉዳቱ የሚብሰው።

በጡንቻ መጎዳትና በኩላሊት ሥራ መቆም መካከል ያለው ግንኙነት በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን በአውሮፕላን በተደበደበች ጊዜ፣ ከሕንፃ ፍርስራሽ ሥር በሕይወት የወጡ ሰዎች ከቀናት በኋላ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ መሞታቸውን ኤሪክ ባይዋተርስና ዴዝመንድ ቢል የተባሉ ሐኪሞች መዝግበው አሳትመዋል። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች መድኃኒት፣ መርዛማ ነገር፣ የአልኮል መጠጥ፣ ኢንፌክሽን፣ ከባድ የአካል ሥራና ሙቀት ተመሳሳይ ጉዳት እንደሚያደርሱ ተረጋግጧል።

ስታቲን በጡንቻ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ

ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል ለማምረት የሚጠቀምበትን ኢንዛይም በመግታት ይሠራል። ይኸው ኢንዛይም በጡንቻ ሕዋስም ውስጥ አለ። ስለዚህ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው የመድኃኒት መጠን ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ጡንቻ የሚደርሰውም ይጨምራል፤ የጉዳቱ ዕድልም አብሮ ያድጋል።

የመድኃኒቱ መጠን ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የታተመ፣ ከ12,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ያሳያል። በቀን 80 ሚሊ ግራም ሲምቫስታቲን ከወሰዱት መካከል 0.9 በመቶዎቹ የጡንቻ ሕመም በምርመራ ሲረጋገጥባቸው፣ 20 ሚሊ ግራም ከወሰዱት ግን 0.03 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው ይህ የደረሰባቸው። ይህን ተከትሎ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 የ80 ሚሊ ግራም ሲምቫስታቲን ለአዲስ ታካሚዎች እንዳይጀመር አሳስቧል። ከዚያም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2001 ሴሪቫስታቲን የተባለው መድኃኒት ከጡንቻ መፍረስ ጋር የተያያዙ የሞት ሪፖርቶች በመብዛታቸው አምራቹ ከገበያ አንሥቶታል። ብዙዎቹ ጉዳቶች የደረሱት መድኃኒቱ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ፣ እንዲሁም ጄምፋይብሮዚል ከተባለ ሌላ የደም ስብ መቀነሻ ጋር ሲዳመር ነበር።

ዛሬ በሥራ ላይ ባሉት ስታቲኖች ከባድ የጡንቻ ጉዳት እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ነው። 10,000 ሰዎች በቀን 40 ሚሊ ግራም አቶርቫስታቲን ለ5 ዓመት ቢወስዱ 5 ያህሉ በምርመራ የሚረጋገጥ የጡንቻ ጉዳት እንደሚያጋጥማቸው፣ ከእነዚህም አንዱ መድኃኒቱ ካልተቋረጠ ወደ ጡንቻ መፍረስ ሊደርስ እንደሚችል ይገመታል።

የሚከተሉት ሰዎች ከሌላው ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው፦

• ዕድሜያቸው የገፋ፣ በተለይም ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ፤
• ሴቶችና የሰውነት ክብደታቸው አነስተኛ የሆነ ሰዎች፤
• የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸው፤
• የእንቅርት ዕጢያቸው በቂ ሆርሞን የማያመነጭ፣ ሕመሙም ያልታከመላቸው፤
• አልኮል አዘውትረው በብዛት የሚጠጡ፤
• ቀደም ሲል በስታቲን ምክንያት የጡንቻ ሕመም የደረሰባቸው ወይም በቤተሰባቸው የጡንቻ በሽታ ያለባቸው፤
• ከፍተኛ መጠን ያለው ስታቲን የሚወስዱ።

ከስታቲን ጋር ሲወሰዱ ጥንቃቄ የሚሹ መድኃኒቶች

በመድኃኒቱ ምክንያት ለሚመጣው ከባድ የጡንቻ ጉዳት አንዱ ዋነኛ ምክንያት ከሌላ መድኃኒት ጋር መደራረቡ ነው። ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲን የሚወገዱት በጉበትና በአንጀት በሚገኝ አንድ ዓይነት ኢንዛይም ነው። ይህን ኢንዛይም የሚገታ ሌላ መድኃኒት ሲጨመር፣ ታካሚው የሚውጠው እንክብል ሳይለወጥ በደሙ ውስጥ ያለው የስታቲን መጠን በብዙ እጥፍ ሊያድግ ይችላል።

በአገራችን በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው ክላሪትሮማይሲን ነው። ይህ አንቲባዮቲክ ኤች ፓይሎሪ ለተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ሕክምና ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተጣምሮ እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ከሲምቫስታቲን ጋር ፈጽሞ አብሮ መወሰድ የለበትም፤ ከአቶርቫስታቲን ጋር ከሆነም የስታቲኑ መጠን በቀን ከ20 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ሐኪሙ ታካሚው ስታቲን እንደሚወስድ ካወቀ ሌላ አማራጭ ሊመርጥ፣ ወይም የጨጓራው ሕክምና እስኪያልቅ ስታቲኑ ለጥቂት ቀናት እንዲቆም ሊያዝዝ ይችላል። ችግሩ የሚፈጠረው የልብ ወይም የስኳር ክትትሉ በአንድ ተቋም፣ የጨጓራው ሕክምና ደግሞ በሌላ ተቋም ሲሆንና አንዱ የሌላውን ማዘዣ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉት ልዩ ትኩረት ይሻሉ፦

• ኤሪትሮማይሲን፣ እንዲሁም በአፍ የሚወሰዱት የፈንገስ መድኃኒቶች ኢትራኮናዞልና ኬቶኮናዞል፤

• በኤች አይ ቪ ሕክምና ውስጥ ሪቶናቪር ያለባቸው ጥምር መድኃኒቶች። ከእነዚህ ጋር ሲምቫስታቲን አይወሰድም፤ ዶሉቴግራቪር ግን ይህን ኢንዛይም ስለማይገታ ይህ ስጋት የለበትም፤

• ለደም ግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒን ከሲምቫስታቲን ጋር ሲሆን የስታቲኑ መጠን በቀን ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ቬራፓሚልና ዲልቲያዜምም የመጠን ገደብ ይጠይቃሉ፤

• ጄምፋይብሮዚል፣ ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲን፣ እንዲሁም የአካል ንቅለ ተከላ ላደረጉ የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን፤

• በብዛት የሚወሰድ የግሬፕፍሩት ጭማቂ በተለይ ከሲምቫስታቲን ጋር።

ስለሆነም ማንኛውም የስታቲን ተጠቃሚ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ስምና መጠን የያዘ ወረቀት ወይም የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ይዞ ወደ ሕክምና እንዲሄድ፣ ለሐኪሙም ሆነ ለፋርማሲ ባለሙያው ሳይጠየቅ እንዲያሳውቅ ይመከራል። ይዘታቸው የማይታወቅ የባህል መድኃኒቶችንና የሰውነት ማጎልመሻ ዱቄቶችንም ማሳወቅ ተገቢ ነው።

ከባድ የአካል ሥራና ስፖርት

ጡንቻ ከለመደው በላይ ሲሠራ በመጠኑ መጎዳቱ የተለመደ ነው። ከአዲስ እንቅስቃሴ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሚሰማው መጎዳዳትም የዚህ ምልክት ነው፤ ጡንቻው ራሱን ጠግኖ ይበልጥ ይጠነክራል። አደጋው የሚመጣው ሥራው ካልለመደው ጡንቻ ዐቅም እጅግ ሲበልጥ ነው። በተለይ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት የሚሸከምበት ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብድግ ማለት ወይም ረጅም ቁልቁለት መውረድ፣ ከፍተኛ ጉዳት ያደርሳል። ለረጅም ጊዜ ካረፉ በኋላ በአንድ ቀን ከባድ ልምምድ መጀመር፣ አዲስ የወታደርና የፖሊስ ምልምሎች ሥልጠና እንዲሁም ያለ ዝግጅት የሚሮጥ ረጅም ሩጫ ከሚታወቁት አጋጣሚዎች ውስጥ ናቸው።

ስታቲን የሚወስድ ሰው ስፖርት መሥራት ይችላል፤ ሊሠራም ይገባዋል። መደበኛ የአካል እንቅስቃሴ ልብን ከሚጠብቁ ነገሮች ዋነኛው ነው። በኔዘርላንድስ በሚካሄደው የኒሜኸን የአራት ቀናት የእግር ጉዞ ተሳታፊዎች ላይ የተደረገ ጥናት በየዕለቱ ረጅም ርቀት በመካከለኛ ፍጥነት የተጓዙ የስታቲን ተጠቃሚዎች መድኃኒቱን ከማይወስዱት የበለጠ የጡንቻ ጉዳት እንዳልደረሰባቸው አሳይቷል። በሌላ በኩል በቦስተን ማራቶን ሯጮች ላይ የተደረገ ጥናት ከሩጫው በኋላ በስታቲን ተጠቃሚዎች ደም ውስጥ የጡንቻ መጎዳት ጠቋሚው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ እንደተገኘ ገልጿል። ከሁለቱ የሚወሰደው ትምህርት የእንቅስቃሴው ክብደት ወሳኝ መሆኑ ነው። በእግር መሄድና ቀስ በቀስ የሚጨምር ልምምድ ይመከራል፤ ድንገተኛና ከዐቅም በላይ የሆነ ጥረት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሙቀትና የሰውነት ውኃ መቀነስ

ጡንቻ ከሚጠቀምበት ኃይል ሦስት አራተኛ ያህሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሰውነት ይህን ሙቀት የሚያስወግደው በዋናነት በላብ ነው፤ በሞቃት ቦታ በሚሠራ ከባድ ሥራ በሰዓት ከ1 ሊትር በላይ ላብ ሊወጣ ይችላል። የወጣው ውኃና ጨው ካልተተካ ደም ይቀንሳል፤ ወደ ቆዳ፣ ወደ ጡንቻና ወደ ኩላሊት የሚደርሰውም ያንሳል። አየሩ እርጥበት ሲበዛበት ደግሞ ላብ ስለማይተን ሰውነት መቀዝቀዝ ይሳነዋል።

የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ሰውየው ሲቀባዥር፣ ሲንገዳገድ ወይም ራሱን ሲስት በሙቀት ተመትቷል ማለት ነው። በዚህ ደረጃ ሙቀቱ ራሱ የጡንቻ ሕዋሳትን ያፈርሳል። ይህ ስታቲን በማይወስድና ሙሉ ጤነኛ በሆነ ወጣት ላይም ይደርሳል።

ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ከ7 እስከ 14 ቀን ያስፈልገዋል። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከደጋው ወደ ሑመራና መተማ የሚሄዱ የቀን ሠራተኞች፣ በአፋርና በሌሎች ቆላማ አካባቢዎች በግንባታ ላይ የሚሰማሩ ዜጎችና ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ወገኖች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በተለየ ጥንቃቄ ሊያሳልፏቸው ይገባል። በሳዑዲ ዓረቢያ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባሉት ወራት ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ከቤት ውጭ በፀሐይ ሥር ማሠራት የተከለከለ ነው፤ ሠራተኛው ይህን መብቱን ሊያውቅ ይገባል።

ምክንያቶቹ የሚደራረቡባቸው አጋጣሚዎች

በዕድሜ የገፋ፣ ስታቲን የሚወስድና በአዘቦቱ ብዙ የማይንቀሳቀስ ሰው ድካም፣ የውኃ ጥምና ሙቀት አንድ ላይ የሚገጥሙት አብዛኛውን ጊዜ በተለዩ ወቅቶች ነው።

የሐጅ ጉዞ አንዱ ነው። ሥርዓቱ ለበርካታ ቀናት ረጅም የእግር ጉዞ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 በሐጅ ወቅት በመካ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ የነበረ ሲሆን ከ1,300 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል። ስታቲንና ሌሎች መድኃኒቶችን የሚወስዱ ተጓዦች ከመነሣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር፣ ከሳምንታት አስቀድሞም በእግር የመሄድ ልምምድ መጀመር ይኖርባቸዋል።

የሰሙነ ሕማማት ጾምና ስግደትም ሌላው ነው። ምእመናን በተለይ በስቅለት ዕለት እህልና ውኃ ሳይቀምሱ ለረጅም ሰዓት ይሰግዳሉ፤ ከዚያም እስከ ትንሣኤ ሌሊት የሚያከፍሉ አሉ። ለጡንቻ ስግደት ተደጋጋሚ ቁጭ ብድግ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያልለመደው ሰው ጭኑ ላይ ከባድ ጫና ያርፋል። በረመዳን ወር በቀን ከባድ የጉልበት ሥራ የሚሠሩ ጿሚዎችም ለውኃ እጥረት ይጋለጣሉ። የኩላሊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አስቀድመው ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ፣ ስለ ጾሙና ስለ ስግደቱም ከንስሐ አባታቸው ወይም ከሃይማኖት አባቶች ጋር እንዲነጋገሩ ይመከራል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ የሚያደርጉት አስተያየት አላቸው።

ሽንት የሚያበዙ የደም ግፊት መድኃኒቶችም፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሲማይድ፣ የሰውነትን ውኃና ፖታሲየም ስለሚቀንሱ በሙቀት ወቅት ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ትኩሳት፣ ተቅማጥና ትውከት ሲኖርም አደጋው ይጨምራል።

ምልክቶች

የጡንቻ መፍረስ ሦስት ዋና ዋና ምልክቶች የጡንቻ ሕመም፣ የጡንቻ መዛልና የሽንት መጥቆር ናቸው። ሦስቱም በአንድነት የማይታዩባቸው ታካሚዎች ብዙ ስለሆኑ አንዱ መጉደሉ ሊያዘናጋ አይገባም።

በስታቲን ምክንያት የሚመጣ ሕመም ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ወገን በእኩል ይሰማል፤ በጭን፣ በባት፣ በዳሌና በትከሻ ላይ ይበረታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም መድኃኒቱ በተጀመረ፣ መጠኑ በተጨመረ ወይም ሌላ መድኃኒት በተደረበ በሳምንታት ውስጥ ነው።

የሚከተሉት የአስቸኳይ ጊዜ ምልክቶች ናቸው፦

• ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ወይም እንደ ደም ጥቁር ቀይ ሲሆን፤
• ሽንት እጅግ ሲቀንስ ወይም ሲቆም፤
• ከወንበር መነሣት፣ ደረጃ መውጣት ወይም እጅን ወደ ላይ ማንሣት ሲያቅት፤
• ጡንቻ ሲያብጥ፣ ሲደድርና ሲነካ ብርቱ ሕመም ሲሰማ፤
• የልብ ምት ሲዛባ፣ ማቅለሽለሽና መቀባዠር ሲኖር።

የሽንት ቀለም በሌላ ምክንያትም ይለወጣል። ሪፋምፒሲን የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ቀይ ሥር መብላት ሊያቀላው ይችላል፤ የጉበት ሕመምና ከባድ የወባ በሽታም ያጠቁሩታል። ምክንያቱን መለየት የጤና ባለሙያ ሥራ ስለሆነ፣ መንስኤው በግልጽ የማይታወቅ የሽንት መጥቆር ሲያጋጥም መዘግየት አይገባም።

ምልክቶቹ ሲታዩ መደረግ ያለበት

1. ሥራውን ወይም ስፖርቱን ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ወደ ጥላና ነፋሻ ቦታ ይሂዱ።

2. የአስቸኳይ ጊዜ ምልክት ካለ ቀጣዩን የስታቲን መጠን ሳይወስዱ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ሕክምና ወደሚሰጥ የጤና ተቋም ይሂዱ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘው ይቅረቡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ስልክ ይጠራል።

3. ሰውየው ንቁ ከሆነና መዋጥ ከቻለ ውኃ ወይም በትክክል የተበጠበጠ ኦአርኤስ ቀስ በቀስ ይስጡት። ራሱን የሳተ ወይም የሚቀባዥር ሰው በአፉ ምንም ሊሰጠው አይገባም።

4. በሙቀት የተመታ ሰው በጉዞ ላይ ሳለም መቀዝቀዝ ይኖርበታል። ልብሱን ያላሉለት፤ መላ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውኃ ያርጥቡ፤ ያራግቡለት። የሚቻል ከሆነ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር እጅግ ፈጣኑ ዘዴ ነው።

5. ለሕመሙ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ኢንዶሜታሲን ከፋርማሲ ገዝተው አይውሰዱ፤ በመርፌም አይወጉ። እነዚህ ማስታገሻዎች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንሱ፣ ውኃ ያነሰውና ማዮግሎቢን የበዛበት ኩላሊት ይበልጥ እንዲጎዳ ያደርጋሉ።

6. የተጎዳውን ጡንቻ አያሹት፤ ወደ ወጌሻም አይውሰዱት።

ምርመራና ሕክምና

ዋነኛው ምርመራ ክሬያቲን ኪናዝ የተባለውን የጡንቻ ኢንዛይም በደም ውስጥ መለካት ነው። ይህ ኢንዛይም ጉዳቱ ከደረሰ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መጨመር ይጀምራል፤ ከ1 እስከ 3 ባሉት ቀናት ውስጥም ከፍተኛውን ደረጃ ይይዛል። በተለምዶ ከጤናማው የላይኛ ገደብ ከ5 እጥፍ በላይ ሲሆን፣ ማለትም በሊትር ከ1,000 ዩኒት ገደማ ሲያልፍ፣ የጡንቻ መፍረስ ይታሰባል። ከ5,000 ሲያልፍ የኩላሊት ጉዳት ስጋት በግልጽ ይጨምራል። የፖታሲየም፣ የክሬያቲኒንና የካልሲየም መጠን እንዲሁም የልብ ምት ምርመራ አብረው ይሠራሉ።

ይህ የደም ምርመራ በሌለበት ጤና ጣቢያም ፍንጭ ማግኘት ይቻላል። የሽንት ምርመራ ወረቀት ደም እንዳለ እያሳየ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀይ የደም ሕዋስ ከሌለ ወይም በጣም ጥቂት ከሆነ፣ ወረቀቱን ያቀለመው ማዮግሎቢን ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ታካሚ ፈሳሽ ተጀምሮለት ወደ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል።

የሕክምናው መሠረት መንስኤውን ማስወገድና በደም ሥር በቂ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ነው። ፈሳሹ ማዮግሎቢን በኩላሊት ቱቦዎች እንዳይረጋ አጥቦ ያወጣዋል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተጀመረ ሕክምና ኩላሊትን ሊያተርፍ ይችላል። የፖታሲየም መጠን ካሻቀበ ወይም ኩላሊት ሥራ ካቆመ የኩላሊት እጥበት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ታካሚዎች በሳምንታት ውስጥ ኩላሊታቸው ወደ ሥራው ይመለሳል። እብጠቱ ወደ ጡንቻው የሚሄደውን ደም ከዘጋ ግን አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ሊታዘዝ ይችላል።

መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ያለው ጉዳት

ስለ ስታቲን የጎንዮሽ ጉዳት የሚሰማው ወሬ ብዙዎችን መድኃኒታቸውን እንዲተዉ አድርጓል። በመሆኑም የጥናት ውጤቶችን ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ትንተና፣ በአጠቃላይ ከ120,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 19 ጥናቶች መርምሯል። በጥናቶቹ ግማሾቹ ስታቲን፣ ግማሾቹ መድኃኒትነት የሌለው ተመሳሳይ እንክብል ወስደዋል። የጡንቻ ሕመም ወይም መዛል ያጋጠማቸው ከስታቲን ተጠቃሚዎቹ 27.1 በመቶ፣ መድኃኒትነት የሌለውን እንክብል ከወሰዱት ደግሞ 26.6 በመቶ ነበሩ። ይህም ማለት ስታቲን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ከሚታየው የጡንቻ ሕመም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በመድኃኒቱ ምክንያት የመጣ አይደለም። ዕድሜ፣ የሥራ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ሌሎች ምክንያቶች ያመጡታል።

ጥቅሙን ከጉዳቱ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ከላይ የተጠቀሰው ዓይነት ሕክምና ለ5 ዓመት የተሰጣቸው 10,000 ሰዎች ቀድሞውኑ የልብ ወይም የደም ሥር በሽታ ያለባቸው ከሆኑ፣ 1,000 ያህሉ ከድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ከስትሮክና ከመሳሰሉት ይድናሉ ተብሎ ይገመታል። በዚያው ጊዜ ጡንቻቸው የሚጎዳው 5 ያህል ናቸው።

ስለዚህ ቀላል የጡንቻ ሕመም የተሰማው ሰው መድኃኒቱን ከመጣሉ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ሐኪሙ የደም ምርመራ ሊያዝዝ፣ የመድኃኒቱን መጠን ሊቀንስ ወይም ወደ ሌላ ዓይነት ስታቲን ሊቀይር ይችላል፤ ሌሎች ኮሌስትሮል የሚቀንሱ አማራጮችም አሉ። ከባድ የጡንቻ መፍረስ ደርሶበት የዳነ ሰው ስታቲን ዳግም መጀመር ወይም አለመጀመሩን የሚወስነው ጉዳዩን የሚከታተለው ስፔሻሊስት ሐኪም ነው። መድኃኒቱ ከቆመ ከወራት በኋላም መዛሉ ካልቀነሰ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ሌላ ብርቅ የጡንቻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

የመከላከያ መንገዶች

• መድኃኒቱን በታዘዘው መጠን ብቻ ይውሰዱ፤ ያመለጠዎትን ለማካካስ እጥፍ አይውሰዱ።

• አዲስ መድኃኒት በታዘዘልዎ ቁጥር ስታቲን እንደሚወስዱ ይናገሩ፤ በተለይ ለጨጓራ ባክቴሪያ፣ ለፈንገስና ለኤች አይ ቪ ሕክምና ሲሆን።

• የአካል እንቅስቃሴን ከቀላሉ ጀምረው በየሳምንቱ ቀስ በቀስ ያሳድጉ። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ሲኖርብዎ ከባድ ስፖርት አይሥሩ።

• በሞቃት ቦታ ሥራን በማለዳና በማምሻ ያድርጉ፤ በቀትር ጥላ ሥር ይረፉ፤ ውኃ ሳይጠሙ በየጊዜው ይጠጡ። ረጅም ሰዓት ካላብዎ ከውኃው ጋር ጨው ያለው ምግብ ወይም ኦአርኤስ ይጨምሩ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች የፈሳሹን መጠን ሐኪማቸው በነገራቸው ልክ ይጠብቁ።

• የሽንትዎን ቀለም ይመልከቱ። ገረጣ ያለ ቢጫ ሰውነት በቂ ውኃ እንዳለው ያመለክታል፤ ደመቅ ያለ ቢጫ ውኃ መጠጣት እንደሚያስፈልግ ያሳያል፤ የጥቁር ሻይ ቀለም ሕክምና ይጠይቃል።

• ከአልኮል መጠጥ ይቆጠቡ፤ በተለይ ከከባድ ሥራ በፊትና በኋላ።

• ቀጣሪዎችና የሥራ ኃላፊዎች ለአዲስ ሠራተኞች የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሥራ ያቅልሉ፤ የመጠጥ ውኃ፣ ጥላና የዕረፍት ሰዓት ያዘጋጁ።

በመድኃኒት ምክንያት የደረሰ ወይም የተጠረጠረ ጉዳትን የጤና ባለሙያዎች ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲያሳውቁ ይጠበቃል። ታካሚዎችም የገጠማቸውን ችግር ለሚከታተላቸው ባለሙያ ወይም መድኃኒቱን ለገዙበት ፋርማሲ በማሳወቅ ለሪፖርቱ ሊያግዙ ይችላሉ።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የተዘጋጀ ነው፤ የሐኪምን ምርመራና ምክር አይተካም። የታዘዘልዎን መድኃኒት የሚመለከት ማንኛውንም ለውጥ ከማድረግዎ በፊት የጤና ባለሙያ ያማክሩ።